ቆሻሻ አለመሆኑ ይመስከርልኝ

«ይተዉት አባቴ፣ አይለቅም» አለ አያ አዛናው።

«ዝም በል! የወይራ ቅጠል የማያስለቅቀው ነገር የለም» አሉ መምሬ ሞገስ። የግራ እግሩን ተረከዝ በአንድ እጃቸው ጨብጠው በሌላው ደግሞ ውስጥ እግሩን ይፈገፍጋሉ። ቅጠሉ ተበጣጥሶ ጭራሮው ብቻ ቀርቷል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ባዶ እግሩን እያፋተገ ተራውን ይጠብቃል።

«ሬንጅ ረግጠህ ይሆን?»

«ሳንቃ በር ምን ሬንጅ አለና አባቴ?»

ጸሎተ ሐሙስ ነው፤ ደባርቅ። በዚህ ቀን ካህን ጎንበስ ብሎ የምእመኑን እግር ያጥባል፤ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር እንዳጠበ። ትሕትና እንድንማርበት የተሠራ ሥርዓት ነው። እኛ የተማርነው ግን ሌላ ነገር ነው። የሰፈራችን ሰው እግሩን ሊያሳጥብ ከመሄዱ በፊት እቤቱ እግሩን ታጥቦ ይሄዳል። በሳሙና። ተረከዙን በድንጋይ ፈግፍጎ፣ ጥፍሩን ቆርጦ፣ ቅባት ያለውም ተቀብቶ። መምሬ ሞገስ በየዓመቱ ጎንበስ ብለው የሚያጥቡት የታጠበ እግር ነው።

አትሳቁ። እናንተስ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ አዲሱን የውስጥ ልብስ አይደል የምትለብሱት? ንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብም ኃጢአታችንን አበጥረን፣ ለሰው ጆሮ የሚሆነውን መርጠን ነው። እድፋችንን ሊያጥብልን የተቀመጠ ሰው ፊት እድፋችንን ማሳየት ያሳፍረናል።

እንዲህ ባለ አገር፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ሰልፍ መካከል የማይለቅ እድፍ ይዞ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ እንግዲህ አስቡት።

በተለይ የስመኝ ባል ሆኖ።

ስመኝ አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታናሽ። የደባርቅን ክረምት ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ጭቃ ሳይነካት የምትሻገር ሴት ናት። ጀሪካኗን በአሸዋ ታሻለች። የደጃፏን ድንጋይ ቅዳሜ ቅዳሜ በውሃ ታጥባለች፤ አዎ፣ ድንጋይ። ድመቷ እንኳን ከመግባቷ በፊት እግሯን የምትጠርግ ይመስለኛል። ባሏ አዛናው ደግሞ የተራራው ፓርክ ጠባቂ ነው፣ ስካውት የሚሉት፤ ጠመንጃውን ጫንቃው ላይ አጋድሞ፣ ፈረንጅ አስከትሎ፣ ከሳንቃ በር አምባራስ ሲመላለስ የኖረ። እኔ አዲስ አበባ አንድ ፎቅ ስወጣ አለከልካለሁ፤ እሱ ገደል አፋፍ ላይ እየሄደ ያንጎራጉራል። እግሩ ማለት እሱ ነው፤ እሱም ማለት እግሩ።

እድፏ ያረፈችው ከትንሿ ጣት ሥር ነው፣ ውስጥ እግሩ ላይ። የባቄላ ፍሬ ታህላለች። ጠርዟ እንደተቀደደ ጨርቅ ነው፣ ጥቁረቷም አንድ ወጥ አይደለም፤ በአንድ በኩል ቡኒ፣ በሌላው ከሰል።

መምሬ ሞገስ በመጨረሻ ተሸነፉ። «ለከርሞ አጽድተህ ና» አሉት፣ ቀስ ብለው። ቀስ ያለው ለእሳቸው ነው። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀስ የሚባል ነገር አያውቅም።

ጉልባኑ ሳይበላ ወሬው ሰፈር ደረሰ። ያደረሰችው እትዬ ጥሩነሽ ናት፣ የአክስቴ አጥር ተጋሪ። የተናገረችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር!

«ስመኝ ድንጋይ ስታጥብ ባሏን ረሳችው።»

ይህች ቃል ለአክስቴ የእግር እሳት ሆነችባት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አያ አዛናው በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ሳፋ ውስጥ ከትቶ አገኘሁት። አክስቴ የተረከዝ ድንጋይ ይዛ ተንበርክካለች። እኔ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የመጣሁ እንግዳ ነኝ፤ ሥራዬ ውሃ ማቀበል ሆነ።

«ኧረ ደማ ስመኝ!»

«ይድማ! ይኸ ቆሻሻ ደምቶ...» አለችና ራሷ ቆመች። ድንጋዩ እጇ ላይ ቀረ።

ቆሻሻ አይደማም።

«መቼ ነው የወጣብህ?»

«ካቻምና ትንሽ ነበረች። የበረባሶው ጎማ ቀለም የለቀቀ መስሎኝ።»

«ያምሃል?»

«ቢያመኝ እነግርሽ ነበር።»

«አትነግረኝም ነበር።»

«እሱስ እውነትሽን ነው።»

እኔ እንደ ተማረ ሰው ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ትምህርቴ እዚያ ላይ አበቃ።

አክስቴ ግን ወስና ነበር። ፋሲካ ሲያልፍ ጎንደር፣ ሐኪም ዘንድ። የተነሣችው ለጤናው እንዳይመስላችሁ። «ለስሜ ነው!» አለች እጇን እየጠረገች። «ሐኪም አይቶ ቆሻሻ አለመሆኑን ይመስክርልኝ። ከዚያ ወዲያ ከፈለገ እስከ ጉልበቱ ይጥቆር!»

ፋሲካ አልፎ ጎንደር ስንወርድ፣ ዳባት ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ቆመ። እዚህ አገር ሚኒባስ ውስጥ በሽታ መደበቅ አይቻልም፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ገና አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ እግሩን አይተው፣ መርምረው፣ ፈርደው ነበር።

«ይኸማ ብረት ነው የሚፈልገው። ማጭድ ይግላል፣ ጠቅ ይደረጋል፣ አለቀ። እዚሁ ዳባት እጀ መልካም ተኳሽ አለ፤ ወርደን እናሳየው።»

አያ አዛናው አንድ እግሩን ከሚኒባሱ አወረደ። የጎንደርን ሐኪም ከሚጋፈጥ ማጭድ መረጠ መሰለኝ። ይሄኔ አክስቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ማንም አይነካትም! ተቃጥላ ከጠፋች እኔ በምን ልመሰክር ነው?»

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገሬ ሰው። እኛ በቅጠሉ ሞክረን አልሆነም፤ ወደ ማቃጠሉ ስናመራ ደግሞ አክስቴ ማስረጃዬ ሊጠፋብኝ ነው ብላ አገደች። ኋላ ዶክተሯ «ማንም ሳይተኩሰው፣ ሳይቆርጠው በመምጣታችሁ ተመስገን በሉ፤ ቢነካካ ኖሮ ምን እንደሆነ መለየቱም ይከብደን ነበር» ስትል አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች። ስንት ሰው በጥበብ የሚደርስበት ቦታ አለ መሰላችሁ፣ ሌላው በኩራት የሚደርስበት!

ዶክተሯ ወጣት ናት። አክስቴ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቃ፣ አያቷ የደረስጌ ሰው መሆናቸውን እስክታረጋግጥ ድረስ አላመነቻትም። ብርሃን ያለው ማጉያ አውጥታ እድፏን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ «አባቴ፣ ሱሪዎን ዝቅ ያድርጉልኝ» አለችና ብሽሽቱን ነካክታ አየች። አያ አዛናው፣ ሌሊት ነብር ሲያገሳ ጋቢውን ስቦ የሚተኛው ሰውዬ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ቀረ። ከእድፏ ቁንጥር አድርጋ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲደርስ እንድንመለስ ነገረችን።

ተመለስን። ሦስታችንም አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደርን።

«እናቴ፣ ቆሻሻ አይደለም» አለች ዶክተሯ።

«ተመስገን!» አክስቴ ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ሰማህ አዛናው? ሰማህ አንተ?»

«የቆዳ ካንሰር ነው።»

እጆቿ እዚያው አየር ላይ ቀሩ።

እዚህ ላይ እኔና እናንተ ትንሽ እንጨዋወት። የቆዳ ካንሰር ሲባል የሰማነው በፈረንጅ ነው፣ አይደለም? አያ አዛናው እንኳን ዕድሜውን ሙሉ ሲስቅባቸው ነው የኖረው፤ ሳንቃ በር ሲደርሱ ነጭ ቅባት ተለቅልቀው ሊጥ ውስጥ የወደቁ ይመስላሉ እያለ። የእኛ ቆዳ ጃንጥላው አብሮት የተፈጠረ ነው። እውነት ነው። ግን ጃንጥላ የሚያድነው ከሰማይ ከሚወርደው ነው።

«የኔ ልጅ፣ ተሳስተሽ እንዳይሆን» አለ አያ አዛናው። «የኔ ውስጥ እግር ፀሐይ መቼ አይቶ ያውቃል?»

ዶክተሯ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። በያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ ምን መሥራት እንዳለባት የሚነግር ጽሑፍ አለ፤ ዘረመል የሚሉት። ቆዳ በታደሰ ቁጥር ሕዋሷ ያንን ጽሑፍ ገልብጣ ለተከታይዋ ታስረክባለች። ገልባጭ ደግሞ ይሳሳታል። አንዳንዱን ስሕተት ፀሐይ ታመጣዋለች፤ የፈረንጆቹ ብዙው እንዲያ ነው። ሌላው ግን ጥላ ሥርም ይመጣል፤ ውስጥ እግር ላይ ለምን እንደሚመጣ ሐኪሞቹም ገና አጥርተው አላወቁትም። አብዛኛው ስሕተት ጉዳት የለውም፤ ሰውነት ራሱ ያርመዋል፣ ወይም የተሳሳተችውን ሕዋስ ያስወግዳል። ስሕተቱ ያረፈው ግን «ተባዢ» እና «በቃሽ» በሚሉት ትእዛዞች ላይ የሆነ እንደሆነ ያቺ ሕዋስ ከእንግዲህ ማንንም አትሰማም።

«ሸፈተች በይኛ!» አለ አያ አዛናው።

ዶክተሯ ትንሽ አሰበች። «አዎ። ሸፍታለች።»

«ለብቻዋ ናት፣ ወይስ ተከታይ አበጅታለች?»

«ተከታይስ አበጅታለች። ጫካ ግን የገባች አይመስልም። ብሽሽትዎን የነካካሁት እዚያ ደርሳ እንደሆነ ለማየት ነው።»

«ከመንደር ሳትወጣ ነዋ የደረስንባት!» ፊቱ ፈካ። በሽታውን ካወቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የሚያውቀው ነገር ገጠመው።

አክስቴ ግን ሽፍታውን ትታ ሌላ ጥያቄ ይዛለች። ድምፅዋ ቀንሷል። «በዘር የመጣ ነው? ልጆቼም...»

«አይደለም እናቴ። እሳቸውም ከአባታቸው አልወረሱትም፣ ወደ ልጆቻችሁም አይሄድም። ስሕተቱ እዚችው እግር ላይ የተጀመረ ነው። ከቆረጥነው እዚችው ሊቀር ይችላል።»

«ምኑን ስትቆርጡት?»

«ትንሿን ጣት። ከሥሯ ካለው ሥጋ ጋር።»

ሞትን እንደ ጎረቤቱ የሚያወራ ሰው ስለ ጣት ሲነሣ እግሩን አነሣና እንደ ሌላ ሰው እግር አየው። በመስኮቱ በኩል የጎንደር ጣሪያዎች ይታያሉ፤ እሱ ግን የሚያየው ሌላ ቦታ ነው።

«ዳገቱን ትልቁ ጣት ይወጣዋል» አለ በመጨረሻ። «ገደል አፋፍ ላይ ሰውን የምትይዘው ግን ትንሿ ናት።»

«አንተን የምይዝህ እኔ ነኝ» አለች አክስቴ። «ይቁረጡት።»

ተቆረጠ።

ቁስሉ ሲደርቅ፣ የተቆረጠው ሥጋም ተመርምሮ ሲያልቅ፣ ዶክተሯ በፈገግታ ተቀበለችን። «ጠርዙ ንጹሕ ነው» አለች። ከተቆረጠው ዙሪያ የሸፈተች ሕዋስ አልተገኘችም ማለቷ ነው። በየጊዜው እየመጣ መታየቱ አይቀርም፤ አሁን ግን ንጹሕ ነው።

«ምን አልሽ?» አለች አክስቴ።

«ንጹሕ ነው።»

«እስኪ ድገሚው።»

«ንጹሕ ነው፣ እናቴ።»

አክስቴ ከብብቷ ስልኳን አወጣች። ደወለች። ድምፁን ለሁላችን ከፈተችው።

«መምሬ፣ ስመኝ ነኝ። ሐኪሟ አንድ ነገር ልትነግርዎ ነው።»

ዶክተሯ ደነገጠች። የሕመምተኛ ምስጢር እንዴት ተደርጎ በስልክ ይነገራል! አያ አዛናውን አየችው።

«ንገሪያቸው ልጄ» አለ። «የኔ ምስጢር አይደለም እሱ፤ የሷ ነው። ካልነገርሻቸውም እዚሁ ታድርብሻለች።»

ዶክተሯ ስልኩን ተቀበለች። «አባታችን፣ አቶ አዛናው እግር ላይ የነበረው ቆሻሻ አልነበረም። ካንሰር ነበር። አሁን ግን ወጥቷል፤ ንጹሕ ነው።»

ከወዲያ ማዶ አንድ አውራ ዶሮ ጮኸ።

«ይፍቱኝ፣ እመት ስመኝ» አሉ መምሬ ሞገስ።

ካህን ለምእመን «ይፍቱኝ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም ሰምቼ አላውቅም። አክስቴም። ያንን ቀን ስትናፍቅ ከርማ፣ መልሱንም ደጋግማ አሰናድታ፣ ቀኑ ሲደርስ ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችና ስልኩን ወደኔ ገፋችው።

የዚያን እሑድ መምሬ ሞገስ ከቅዳሴ በኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው ለሕዝቡ ተናገሩ። ባጭሩ። «ውስጥ እግራችሁን ተያዩ። ባል የሚስቱን፣ ሚስትም የባሏን። ከጠቆረ ቆሻሻ ነው ብላችሁ እንዳትፈርዱ። እኔ ፈርጄ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ደባርቅን ባያችሁት! ሰው ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ጫማውን ያወልቃል። ከመናኸሪያው አጠገብ ያለው ጎሚስታ ጥቁር እግሩን ታቅፎ ጤና ጣቢያ ሮጠ፤ በጋዝ ወልውለው መለሱት። ሳንቃ በር ላይ ስካውቶቹ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው፣ ተራ በተራ ይተያያሉ። ፈረንጆቹ ያገሩ ባህል መስሏቸው ፎቶ አነሱ። ከመካከላቸውም አንዷ ጫማዋን አውልቃ እጃቸው ላይ እግሯን አኖረች። አዩላት። ደህና ናት።

አያ አዛናው መኸር ሲገባ ተራራው ላይ ተመለሰ። መጀመሪያ በበትር፣ ከዚያ ያለ በትር። አንድ ቀን ስልኬ ጮኸ፤ አዲስ አበባ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ። የሚሰማኝ ንፋስ ብቻ ነው።

«ትሰማኛለህ?»

«አልሰማህም አያ! ንፋስ ነው!»

«ንፋሱን ነው ስማ የምልህ! አፋፉ ላይ ቆሜያለሁ! አልወደቅሁም!»

ታክሲው አመለጠኝ። ያመልጥ!

ዘንድሮም ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ፤ እኔም ደባርቅ ደረስሁ። አያ አዛናው በማለዳ ከተራራው ወርዶ ነበር፤ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚቱ። ሳፋውን ላቀርብ ስነሣ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተወው።»

«እንዲህ ሆኖ ሊሄድ ነው?»

«የሚያጥብ ሰው አለ አይደል?»

ድንጋይ የምታጥበዋ ስመኝ! ባሏን ከነአቧራው፣ ፊት ፊቱ እየሄደች፣ ነጭ ነጠላዋን እንደ ባንዲራ አውለብልባ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። ተራው ሲደርስ መምሬ ሞገስ ጎንበስ አሉ፣ ቅጠሉን ነከሩ፣ ማጠብ ጀመሩ። ውሃው ጠቆረ። ስንት ዘመን የታጠበ እግር ሲያጥቡ ኖረው ዛሬ ገና የሚታጠብ እግር አገኙ። የግራው ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ትንሿ ጣት በነበረችበት ቦታ ላይ ቆየች።

«ለቀቀ እኮ» አሉ። «አላልኩህም?»

አያ አዛናው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ በሕማማት! መምሬም ራሳቸውን አቀርቅረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጉልባን ልንበላ ስንቀመጥ በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ከፈተች። እትዬ ጥሩነሽ ናት፤ ሽፍን ጫማ አድርጋ፣ ቀኝ ተረከዟን ከመሬት ትንሽ አንሥታ ቆማለች። ሕማማት ስለሆነ መሳሳም የለም፤ ለሁለቱም ተመቻቸው።

«ምን ልታዪ መጣሽ?» አለች አክስቴ። «ድንጋዩ እንደሆነ ታጥቧል።»

እትዬ ጥሩነሽ አልሳቀችም። አያ አዛናውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ጫማዋን አየች።

«ለማየት አይደለም የመጣሁት» አለች። «ላሳይሽ ነው።»

አክስቴ ለዚህች ሴት የምትመልሰውን ቃል ዓመቱን ሙሉ ስታሾል ነው የከረመችው። እኔ አውቀዋለሁ፤ በስልክ ስትለማመድብኝ ነበር። አሁን ከንፈሯ ላይ ደርሶ አየሁት። ጫማውን አየች። ከመሬት የተነሣውን ተረከዝ አየች።

«ግቢ» አለች። ወደኛ ዞረች። «እናንተ ውጡልን። ሳፋውን ተዉት።»

አያ አዛናው የጉልባን ሳህኑን፣ እኔ ጫማዬን አንጠልጥለን ወጣን። «አይዞሽ ጥሩዬ፤ እዚህ፣ ብርሃኑ ጋ ቁጭ በይ» ስትል ሰማኋት፤ በሩም ከኋላችን ተዘጋ።